ራሱን የሚዘጋ በር

በር የሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያፍርበት ድምፅ ሲጥ የሚል ማጠፊያ ነው። የዚህ ታሪክ አናጺ ግን በዚህ ታምቶ አያውቅም። እሱ የሰቀለው በር ሲከፈትም ሲዘጋም ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን ትቶ «ጋሽ ዝምታ» አለው። ራሱ ግን ወሬ ይወዳል፤ በተለይ ስለ በር ከተነሣ የሚያቆመው የለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንተን ያወጣው መልአክ ግን አጠገብህ አልተቀመጠም» ትለዋለች ሚስቱ።

ከዝምታው ሌላ የሚኮራበት ነገር ነበረው፦ በሮቹ ራሳቸውን ይዘጋሉ። ሞላ የላቸውም፣ ገመድና ክብደት የላቸውም። ምስጢሩ በጣም ቀላል ነው፤ ሲረዱት ደግሞ ያስደስታል። በር የሚዞረው በማጠፊያዎቹ መካከል በሚያልፍ፣ በዓይን በማይታይ መስመር ዙሪያ ነው። መስመሩ እንደ ቱንቢ ክር ቀጥ ብሎ ከወረደ በሩ ያቆሙት ቦታ ላይ ይቆማል። የላይኛው ማጠፊያ የጥፍር ውፍረት ያህል ፈቀቅ ካለ ግን መስመሩ ያጋድላል። ያን ጊዜ ለበሩ መዘጋት ማለት ቁልቁለት መውረድ ይሆናል። ተዳፋት ላይ እንደተለቀቀ ኳስ፣ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወደ መቃኑ ይሄዳል። ብዙ አናጺ ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርመዋል። ጋሽ ዝምታ ግን ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ «በር ባለቤቱ ቢረሳ እንኳ ሥራውን የማይረሳ መሆን አለበት» ይላል።

የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ የራሱ ሳሎን በር ነበር። ከባድ እንጨት ነው፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ከመቃኑ ጋር ሲገጥም በማጠፊያው በኩል ወረቀት እንኳ አያስገባም።

የልጁ ልጅ ሚጣ ደግሞ ያን በር ትወደዋለች። ሚጣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ያየችውን ሁሉ በጣቷ ካልነካች ያየች የማይመስላት ልጅ ናት። ይህ የእሷ ጠባይ ብቻ አይደለም። በዚያ ዕድሜ እጅ ሁለተኛ ዓይን ነው፤ ዓለም ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ሻካራ ይሁን ለስላሳ የሚታወቀው በጣት ጫፍ ነው። የልጆች እጅ ቶሎ ቶሎ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁልጊዜ ከልጁ ቀድሞ ይደርሳል። እናቷ ሥራ በምትገባባቸው ቀናት አያቶቿ ዘንድ ስትውል፣ የበሩ የታችኛው ክፍል በትንንሽ የእጅ አሻራ ይሞላል። አናጺው በጨርቅ ይወለውለዋል። «ሚጣ! በሬን በጣትሽ አትንኪ አላልኩሽም?» ይላል። እሷ ትስቅና ትሮጣለች። እሱም ይስቃል፤ ግን ደግሞ ይወለውላል።

አደጋው የደረሰው እናቷም በነበረችበት ቀን ነው። ምሳ እየቀረበ ነው። የሳሎኑ በር እንዳይዘጋ አንድ ወንበር ተደግፎ ተከፍቷል። ሚጣ ከበሩ ኋላ ቁጭ ብላለች።

በር ሲከፈት በማጠፊያው በኩል፣ በበሩና በመቃኑ መካከል ረጅም ክፍተት ይፈጠራል። አዋቂ ልብ አይለውም፤ ዓይናችንም እጃችንም ያለው እጀታው ዘንድ ነው። ለሚጣ ግን በሩ ማለት ያ ክፍተት ነው። ከኮሪደሩ መስኮት የገባው ፀሐይ በዚያ በኩል እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይታያል። ጣቷን ስትሰድበት ጣቷ ይቀላል፣ ይበራል። ይህ ክፍተት የሚጠፋ ክፍተት መሆኑን የነገራት የለም። ቢነግሯትም በእሷ ዕድሜ የሚገባ ነገር አይደለም።

አናጺው ሊቀመጥ ሲል ወንበር ጎደለው። ዞር ብሎ አየ፤ አንድ ወንበር በሩን ደግፎ ቆሟል። አነሣውና ጠረጴዛው ጋ አስጠግቶ ተቀመጠ። በሩም እንደ ልማዱ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ መንገዱን ጀመረ። ሲጥ ቢል ኖሮ አንድ ሰው ዞር ይል ነበር።

የሰሙት ጩኸቷን ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ መረዳት ያስፈልጋል፤ እንዲያ ቀስ ብሎ የሚሄድ በር እንዴት ጣት ሊጨፈልቅ ይችላል? ጉጠት አስቡ። ረጅሙን እጀታ በትንሽ ጉልበት ስትጨብጡት፣ መዞሪያው አጠገብ ያለው አጭር አፍ ሚስማር ይቆርጣል። በርም ጉጠት ነው። ሰፊው ሳንቃ እጀታው ነው፤ ማጠፊያው ዘንድ ያለው ክፍተት ደግሞ አፉ። በእጀታው በኩል በአንድ ጣት የምታቆሙት በር፣ በማጠፊያው በኩል የጎልማሳ ሰው ክብደት ይዞ ይመጣል። በሩ ይበልጥ የተስተካከለና የተጣበቀ በሆነ ቁጥር ደግሞ ለጣት የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

እናቷ ጣቷን አልጎተተችም፤ መጀመሪያ በሩን ከፈተች። ይህ ትልቅ ብልህነት ነው፤ የተያዘ ጣት ቢጎተት የቀረውም ይቀደዳል። ከቧንቧው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰችበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ እጇን ከደረቷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችላት። ጩኸቱን ሰምታ የመጣች ጎረቤት በር ላይ ሆና «ዱቄት! ዱቄት ነስንሱበት፣ ደሙን ቀጥ ያደርገዋል!» ትላለች።

«ምንም አይነሰነስበትም!» አለች እናት። «እማዬ፣ ነጠላ ጫማዬን አቀብይኝ።»

አናጺው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አፉ እየተናገረ ነው፤ ምን እንደሚል ግን እሱም አልሰማውም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ነርስ ወጣት ናት፤ ነገር ስታስረዳ እጇ ከአፏ ይፈጥናል። የሚጣ የቀለበት ጣት ጫፍ ተጨፍልቋል፤ ጥፍሩ ከሥሩ ተነሥቷል፤ አጥንቱ ግን ደኅና ነው። አጠቡት፣ አደነዘዙት፣ ሰፉት።

«አባት፣ በሩን ማን ዘጋው?» አለች ነርሷ።

«ማንም። ራሱ ነው።»

«ነፋስ ነው?»

«አይ፤ ራሱ ነው የሚዘጋው። እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት» አለ። ያን ዐረፍተ ነገር ዕድሜውን ሙሉ በኩራት ሲናገረው ኖሯል።

ነርሷ አልገሠጸችውም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እዚህ ከሚመጡልን የሕፃናት ጣቶች ብዙዎቹ የበር ናቸው» አለች። «የመኪና በር፣ የቁም ሣጥን በር፣ የሳሎን በር። መራመድ ከጀመሩ አንሥቶ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ነው ክፉው ዘመን። ቀሪው ደግሞ የካውያ ነው፣ የብስክሌት ሰንሰለት ነው፣ የሥጋ መፍጫ ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ፣ ሁሉም ሰው እያለ።»

«ጫፉ ተቆርጦ ወድቆ ቢሆንስ ኖሮ?» አለ። ለምን እንደ ጠየቀ አላወቀም፤ የክፉውን ነገር መጨረሻ ማየት የፈለገ ይመስላል።

«እሱንም ይዘው ይመጡ ነበር። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ ላስቲኩን በረዶ ላይ አስቀምጠው። ሥጋውን ራሱን በረዶ ላይ እንዳያደርጉት ብቻ፤ በረዶ ያቃጥለዋል። ግን አልተቆረጠም። ደግሞ የልጅ ጣት ይገርሞታል፤ ይመለሳል። ጥፍሯ ወር አልፎ ወር ቢወስድም ይበቅላል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጣቱ የኛ ሥራ ነው። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን መንገር ግን የእናንተ ነው» አለች።

ይህን የመጨረሻውን አናጺው አልሰማም። አሳቡ ማጠፊያው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚጣ አልመጣችም።

እናቷ ብቻዋን ትመጣለች። ቁስሉ ደርቋል፣ ክሩ ወጥቷል፣ ትላለች። «እሷስ?» ይላታል። «ተኝታ ነው የመጣሁት።» ሌላ ጊዜ «ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወተች ነው።» ሌላ ጊዜ ደግሞ «አልመጣም ብላኝ ነው፣ አባዬ። ላስገድዳት?» አለችው። «ኧረ አታስገድጃት» አለ፤ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

በሩን ፈርታ ነው ሲል ደመደመ። አናጺ ስለሆነ መፍትሔው ከእንጨት ውጭ አልታየው። በዚያው ሳምንት በሩን ነቅሎ ማጠፊያውን አቀና፤ አሁን ያቆሙት ቦታ ይቆማል። ቀጥሎ ክፍተቱን ምን ላድርገው እያለ ብዙ ሞከረ። ቀጭን ጣውላ መታበት፤ በሩ አልከፈት አለ። ሸራ ቸነከረበት፤ የልጅ ጣት ከሸራው ጋር አብሮ ይገባል። በመጨረሻ ከጎማ ጠጋኙ አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ፣ ያን ለስላሳ የውስጥ ጎማ፣ አምጥቶ፣ በረጅሙ ቆርጦ፣ አንዱን ጠርዝ በሩ ላይ፣ ሌላውን መቃኑ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች መታው። በሩ ሲከፈት ጎማው ይዘረጋል፤ ሲዘጋ ይታጠፋል። ክፍተቱ ሁልጊዜ እንደ ተሸፈነ ነው። በሌላኛው ጠርዝ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ የታጠፈ ስፖንጅ አጎረሰው፤ በሩ ቢገፋም እስከ መጨረሻው አይገጥምም። ሠርቶ ሲጨርስ የራሱን ጣት በየቦታው እየከተተ ሞከረ። የትም አልገባም።

«ምን ይመስላል?» አላት ሚስቱን።

«የዝናብ ልብስ የለበሰ በር» አለች። «ቆንጆ ነው። አሁን መዝጋት ነው ያቃተን እንጂ።»

እሷም ጨርቅ አንሥታ የበሩን የታች ክፍል ልትወለውል ጎንበስ ስትል «ተዪው» አላት።

«አቧራ እኮ ነው።»

«አቧራ አይደለም። ተዪው ብያለሁ።»

ቀና ብላ አየችውና ጨርቁን አጣጠፈች። ቫርኒሹ ላይ፣ ከወገብ በታች፣ አምስት ጣቶች ተዘርግተው ይታያሉ። ከጎናቸው ሌላ ግማሽ መዳፍ፣ ወደ ታች የተንሸራተተ። ጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታቸው ይጎላሉ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋሉ። አናጺው የጠዋት ሻዩን እዚያ አጠገብ መጠጣት ልማድ አደረገ።

በር የሠራላቸውን ቤቶች ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጅ ያለባቸውን እየመረጠ፣ ከመነዳሪና መዶሻ ይዞ ይዞር ጀመር። ዳቦ ጋጋሪዋ ስታየው ሣቀች።

«ጋሽ ዝምታ፣ ምነው ለበሬ ጫማ አደረግክለት?»

«ልጅሽ ባዶ እግሩን ቢሄድ ምን ይሆናል? በሩ ባዶውን ከሄደ ነው ችግሩ።»

«እንዴ! ራሱን ይዘጋል ብለህ አልነበር የሸጥክልኝ? አሁን ደግሞ አይዘጋ ልትለኝ ነው?»

«አዎ፣ ዋሸኝ በይ። ከበሩ ሥር የሚገባውን ያን ሽብልቅ አቀብይኝ» አለ። ሲጨርስም «ከመዝጋትሽ በፊት እጀታውን አትዪ፤ የልጁን ሁለት እጆች ፈልጊ። ሁለቱን ካላየሽ አትዝጊ» ብሏት ወጣ። ማታ እግሩን እያሸ ይተኛል። ቤት ለቤት የዞረበት ሁሉ ግን ወደ አንዱ ቤት፣ ወደ ሚጣ ቤት፣ ያላደረሰው መንገድ ነበር።

የሚጣ እናት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። በሩን አሳያት፤ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጣቱን ከተተ። እንደ ሱቅ ሻጭ እየዞረ ያስረዳታል። «ንገሪያት፣ በይ። አሁን አይነክስም በያት። መጥታ ትየው።»

ልጁ ተቀመጠች። «አባዬ» አለች፤ «እሷ በሩን አይደለም የምትፈራው።»

«ታዲያ ምኑን?»

«አንተን ነው።»

ሣቀ። ከዚያ ሣቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «እኔን? እኔ ምን አደረግኋት?»

«ያን ቀን ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ?»

«ምን አልኩ?»

«‹አትንኪ ብዬሽ አልነበር!› አልክ። ደጋግመህ። በድንጋጤ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን በምን ታውቃለች? ደሟ በሩ ላይ ፈሰሰ። የአባባን በር አበላሸሁ ብላ ነው የምታስበው። ተናድዶብኛል ትላለች። አይ ስላት አታምነኝም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ነገር አላባብስ ብዬ። በራሷ ትረሳዋለች ብዬ» አለች። እጇን እያሻሸች ነበር።

ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሰምታለች። «አንተ ሰው» አለች በቀስታ፤ «ትምጣ፣ ትምጣ ትላለህ። እግርህን ማን አሰረው?»

እውነቷን ነው። የልጅ ልጅ ወደ አያት ቤት ይመጣል እንጂ አያት ሊጠይቀው ይሄዳል የሚል አሳብ አንድም ቀን አልመጣለትም ነበር። ኮቱን አነሣ።

የልጁ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጣ እጁ ባዶ መሆኑ ትዝ አለው፤ ከረሜላ እንኳ አልያዘም። ሚጣ ስታየው ጠረጴዛ ሥር ገባች። ወንበር ቢያቀርቡለት እምቢ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ቋ ሲል ተሰማ።

«ምንድን ነው ቋ ያለው?» አለ ድምፅዋ ከሥር።

«ጉልበቴ ነው። ዘይት ያንሰዋል።»

የጠረጴዛው ጨርቅ ተነቃነቀ፦ «ደሙን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ጠረግከው?»

«እማማ ጠረገችው።»

«ቫርኒሹ ተበላሸ?»

«ሚጣ፣ ስሚኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያን በር ራሱን እንዲዘጋ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንበሩንም ያነሣሁት እኔ ነኝ። የጮኽኩት ፈርቼ ነው።»

«አባቶች አይፈሩም።»

«ይፈራሉ። ጮክ ብለው ነው የሚፈሩት።»

ጠረጴዛው ሥር ብዙ ታሰበ። ከዚያ አንድ ትንሽ እጅ ከጨርቁ በታች ወጣ፤ ሌሎቹን አጥፎ የቀለበት ጣቱን ብቻ ዘርግቶ። ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ጥፍር ወጥታለች፤ ከቀሪዎቹ ይልቅ የነጣች፣ ለስላሳ።

«ልንካት?»

«አይሆንም» አለች። ቆይታ ደግሞ «በቃ፣ በትንሿ ጣትህ» አለች።

እንጨት ሲላግ የኖረ እጅ ነው፤ ቆዳው ሻክሮ ለስላሳ ነገር አይለይም። አውራ ጣቱን ትቶ በትንሿ ጣቱ ነካት። መንካቱን ያወቀው ሚጣ በመሣቋ ብቻ ነው።

ሊሄድ ሲነሣ እስከ በሩ ተከተለችው። እሱ ወጥቶ ደረጃው አፍ ላይ ቆመ፤ እሷ በሩን በሁለት እጇ ያዘች። ልትዘጋው ነው ሲል ቆም አለች።

«እጅህን አሳየኝ።»

«እ?»

«ሁለቱንም። ወደ ላይ። እማዬ ካላየሽ አትዝጊ ብላኛለች።»

አናጺው ሁለት እጁን አነሣ። ከላይኛው ፎቅ የምትወርድ ሴትዮ ዘረፉት እንዴ ብላ ደነገጠች። ሚጣ ጣቶቹን በየተራ አየቻቸው፤ በሩ ቀስ ብሎ ሄደና ገጠመ።

እጁን አላወረደም። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«አባባ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እጅህን አውርድ፣ አልቋል።»

«እሺ። ሚጣ፣ እኔ ቤትስ መቼ ትመጫለሽ?»

ግንባሩን ወደ ሳንቃው አስጠጋ።

«አስብበታለሁ» አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው። «አንተ ግን ነገ ና።»

«እመጣለሁ» አለና ደረጃውን መውረድ ጀመረ።